የዶክተሩ ዋስ

«ዶክተር ከሆኑ ወዲያ ምን ትምህርት ቀረዎት?» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ከጀርመን የመጣውን ደብዳቤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ እያየ። ዶክተር ሣህሉ የሚሄዱት ለትምህርት ሳይሆን፣ በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት በጣና ዓሣ ላይ ሊመራመሩ እንደሆነ አስረዱ።

«ዓሣው እዚህ፣ ተመራማሪው ጀርመን?» ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን አነሣ፤ እፍ አለበትና መልሶ አስቀመጠው። ያ ማኅተም ወረቀቱ ላይ ካላረፈ ጀርመን ቀርቶ ጎረቤት ከተማ ሐሙሲት መሄድም ያስቸግር ነበር። የዶክተሩ ዓይን ከማኅተሙ አልነቀል አለ። ሊቀ መንበሩ ይህን ልብ አለና ወደ ዋሱ፣ ወደ ዓሣ አስጋሪው ቡርሀን ዞረ።

«ስማ፣ እሳቸው በዚያው ቢቀሩ የምትታሰረው አንተ ነህ። ትፈርማለህ?»

ቡርሀን አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነ።

«አራት ዓመት ሙሉ የያዝሁትን ዓሣ አንድ በአንድ ሲለኩብኝ ኖረዋል። እሳቸው ከሄዱልኝ መታሰሩም ዕረፍት ነው።»