ሽመላዋ እንዳትደነግጥ

የዓለም የመጨረሻዋ ሽመላ የፈረንጅ አገርን ብርድ ሸሽታ ጥቅምት ላይ ረግረጉ ዳር ስታርፍ፣ አገሩ በሙሉ በአዋጅ ዝም ይላል። እስክትሄድ ድረስ ድምፅ ያሰማ መሬቱን ይነጠቃል። አህዮቹ ሳይቀሩ በሹክሹክታ ማናፋት ለምደዋል፤ ያላመነ መጥቶ ይስማ፣ ከሰማ። ሠርጉ ሁሉ ደግሞ በበጋ ነው፤ ሴቶቹ ለእልልታ ምላሳቸውን ብቻ ያርገበግባሉ።

አያ ሞላልኝ የሽመላዋ ጠባቂ ነው። ማማው ላይ ተሰቅሎ፣ እንቁራሪት እየዋጠች እንደ ባላባት ስትንጎራደድ በመነጽር ያያታል። "ቅልጥም ብቻ!" ይላል በሆዱ።

ዛሬ ጎረቤቱ ሸጊቱ በእግር ጣቷ እየሄደች መጣች።

"አያ ሞላልኝ" አለች እንባዋን እየጠረገች በሹክሹክታ፣ "ልጅዎ ያለወሯ ተገላገለች። ሴት ናት።"

"እሰይ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"ሕፃኗ ልታለቅስ ነው። አፏን በነጠላ ያዙ ይላል አዋጁ። እንያዝ?"

"ማን አባቱ ነው የሚይዛት!"

ድሮ ከማሽላው ወፍ ያባርርበት የነበረውን ጅራፍ ከማማው ጣራ መዞ አጮኸው። ሸጊቱ ጆሮዋን ይዛ ቁጭ አለች። ሽመላዋ ግን አንገቷን እንኳ አላዞረችም። ደግሞ አጮኸው። ሌላ እንቁራሪት ዋጠች።

"ደንቆሮ ናት እኮ!" አለ አያ ሞላልኝ ድምፁን ለቆ። "ለዚች ነው ከሚስቴ ጋር በሹክሹክታ ስጣላ የኖርኩት? ልጅቷን ልቀቋት፣ ትጩህ! እናንተም እልል በሉ!"

ከቤቱ የሕፃኗ ለቅሶ ተሰማ። ሴቶቹም ደጅ ወጥተው አፋቸውን ከፈቱ። ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ግን ጠፍቷቸው ምላሳቸውን ብቻ አርገበገቡ።