የወንድም ሥርወ ቃል

አልዊን የአንድ ቃል ትርጉምና አመጣጥ የተጻፈበትን ካርድ ለወንድሙ ለካትበርት አቀበለው። ካትበርት ከአሥራ አንድ ዓመት ኩርፊያ በኋላ በዝናብ ወደ ኦክስፎርድ የመጣው፣ ስሙ አብረው ካዘጋጁት መዝገበ ቃላት ሽፋን ላይ እንዲወጣ ሊጠይቅ ነበር። በልጅነታቸው ኤልፍ ለሚባሉ የተረት ፍጡራን ብለው የፈጠሩት ቋንቋ መዝገበ ቃላት በማግስቱ ማተሚያ ቤት ይገባል። ካትበርት ግን የራሰ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «እስቲ መጀመሪያ ቬሶልን አሳየኝ» ብሎት ነበር። ቬሶል በኤልፎቹ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው።

ሁለቱ አንድ ቃል ከምን እንደመጣ ሐሳባቸውን በቀየሩ ቁጥር የድሮውን በአንድ መስመር ይሰርዙታል እንጂ አይፍቁትም ነበር። ካትበርት መነጽሩን አድርጎ ከላይ ወደ ታች አነበበ። «ብርድ ልብስ ከሚጋራ» የሚለው ተሰርዟል። «ዳቦ ከሚያካፍል» የሚለውም ተሰርዟል። ከሁሉም በታች፣ በአልዊን የእጅ ጽሑፍ ብቻ፣ «ከድንጋይ» ይላል።

«ድንጋይ? የቋንቋችን የድምፅ ሕግ ቬሶል ከዚያ ቃል እንዲመጣ አይፈቅድም እኮ።»

«ተናድጄ ነበር።»

«ቢናደዱም ሕግ ሕግ ነው፣ አንተ ሰነፍ።»

ካትበርት እርሳስ አነሣ። የሽፋኑ ረቂቅ አጠገቡ ስለነበር፣ አልዊን ስሙን ሊሰርዝ ነው ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲመለስ ግን ካትበርት «ከድንጋይ» የሚለውን ሰርዞ፣ አራሚዎች የተሰረዘ ነገር ይመለስ ሲሉ እንደሚያደርጉት፣ «ብርድ ልብስ ከሚጋራ» ከሚለው ግርጌ ነጠብጣብ እየደረደረ ነበር።

«ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብሱን ሙሉውን ወደ ራስህ የምትጎትተው ግን አንተ ነበርክ» አለና የሽፋኑን ረቂቅ ሳይነካ ኮቱን አወለቀ።