የሽንኩርቱ መድኃኒት

«ሁለት ይበቃል ወይስ ሦስት ልያዝ?» ትለኛለች ቀመር፣ ዐረብ አገር፣ ራካ የሚባለው ሰፈር ካለው ፋርማሲ መደርደሪያ ፊት ቆማ። የያዘችው ኩዌርሴቲን የሚሉትን ኪኒን ነው፤ ከሽንኩርትና ከፖም ልጣጭ የሚወጣውን።

ከቀመር ጋር የተዋወቅነው እኔ ነርስ ሆኜ በምሠራበት ሆስፒታል ነው። አል ዐዚዚያ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የምትሠራላቸውን ማዳም ለሕክምና ስታመላልስ አማርኛዬን ሰምታ «የአገሬ ልጅ!» ብላ አቀፈችኝ። ዛሬ አርብ ስለሆነ ለሁለት ሰዓት ፈቅደውላት ነው የወጣችው።

«እማ ተሽሏታል። ወላሂ ሊያ፣ ፊቷ ሁሉ ሞልቷል ይላል ኑርዲን።»

ኑርዲን አገር ቤት፣ ሐይቅ ከተማ ከእናቱ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው የጡት ካንሰር አለባቸው።

«ደስ ይላል። ኬሞውስ ስንተኛው ላይ ደረሱ?»

«እሱንማ ተወችው እኮ።»

እጄ መደርደሪያው ላይ ይቀራል። «መቼ?»

«ይሄ ከደረሳት ወዲህ። ሦስት ወር ሆናት። ደሴ መመላለሱም አደከማት፣ ፀጉሯም አለቀ። አንቺን ጠይቄሽ የለ?»

ጠይቃኛለች። ሥራ ላይ ሳለሁ የብልቃጡን ፎቶ በዋትስአፕ ልካ፣ «እማ ብትወስደው ይጎዳታል?» ብላኝ ነበር። ሁለት ሕመምተኞች እየጠበቁኝ «አይጎዳም» ብዬ መለስኩና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ሐኪማቸውን ይጠይቁ እንኳ አላልኩም።

«ቀመርዬ፣ ይሄ ካንሰር አያድንም። ላብራቶሪ ውስጥ ሲሞክሩት ጥሩ ነገር አይተውበታል፤ ሰው ላይ ግን አልተረጋገጠም። ኬሞን አይተካም። ያኔ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

ስልኳን አውጥታ ትደውላለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ መሐላችን ትይዘዋለች።

«ኑርዲን፣ እውነቱን ንገረኝ። እማ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት አልኩሽ።»

«በአላህ ይሁንብህ።»

በር ሲዘጋ ይሰማል። ወደ ደጅ ወጥቶ ነው መሰል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ፊቷ አብጦ ነው የሞላው። ትናንት ደሴ ወስጃት ነበር። ጉበቷ ጋ ደርሷል፣ ይዘሃት ቤትህ ግባ አሉኝ። እንዳታለቅሺ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።»

ቀመር አፏን በእጇ ትይዛለች። በሩ ይከፈትና ከወዲያ ማዶ የእናቷ ድምፅ ይመጣል፤ ቀጭን ነው፣ ግን ደስ ያለው።

«ቀመር ናት? ስጠኝ እስቲ። ልጄ፣ መድኃኒትሽ አለቀብኝ። እሱን የዋጥኩ ቀን ሰው እሆናለሁ።»

ቀመር ወደ እኔ ትዞራለች። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

«እሺ እማ» ትላለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየደረሰ፣ ድምፅዋ ግን ሳይሰበር። «አሁን እየገዛሁልሽ ነው። ኢንሻአላህ ሰሞኑን ሰው ይዞልሽ ይመጣል።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አትጮህብኝም። ምነው በጮኸችብኝ። አንዱን ብልቃጥ ብቻ ይዛ ባንኮኒው ጋ ትሄዳለች፤ ከከፈለች በኋላ ለእኔ ትሰጠኛለች።

«እንደ ሐኪም ትእዛዝ አድርገሽ በአማርኛ ጻፊላት። ኑርዲን ሲያነብላት ደስ ይላታል።»

ከፋርማሲስቱ እስክሪብቶና የሚለጠፍ ወረቀት እቀበላለሁ። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ» ብዬ እጽፋለሁ። ቀጥሎ እጄ እንደ ልማዱ «ለ» ብሎ ይጀምርና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ይቆማል። ከእስክሪብቶው ጫፍ ሥር ሰማያዊው ነጥብ ቀስ እያለ ይሰፋል።