ንጹሕ ቤንዚን

ቤንዚን ሲገዛ እንደ ደምሌ የሚጠነቀቅ ባለሞተር በዚያ የስማዳ ቀበሌ አልነበረም። የወገዳ ከተማው መካኒክ ኦክቴኑ፣ ማለት የጥራት ደረጃው፣ ዝቅ ያለ ቤንዚን ሞተሩን እንደሚያንኳኳው፣ ላምባ የተቀላቀለበት ደግሞ ዳገት ላይ እንደሚያጠፋው ነግሮታል። ስለዚህ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ያሸታል፤ ቶሎ ካልተነነለት ይመልሳል።

የሚገዛው ከካሣነሽ ነው። ካሣነሽ መንገድ ዳር ቤንዚንም ላምባም በፕላስቲክ ጠርሙስ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ብዙ ሰው አያምናትም።

ደምሌ ሞተሩን ይዞ ባሕር ዳር ሊሠራ ቆርጦ ታንከሩን ሞላ። ሚስቱ ትርሲት ወሯ ገብቷል። እስክትወልድ እንዲቆይላት አልቅሳ ለመነችው፤ አልሰማትም። በማግስቱ ጠዋት ሊነሣ ነው።

ጠዋት ግን ምጥ ያዛት፤ ደምም በረታባት። ደምሌ ወገዳ ጤና ጣቢያ ሊያደርሳት ሞተሩን አወጣ።

"በቃሬዛ ውሰዱኝ" አለች ትርሲት።

"በቃሬዛ መንገድ ላይ ታልቂብኛለሽ" አላት። ከኋላው አስቀምጦ በነጠላ ከወገቡ ጋር አሰራት።

ዳገቱን አጋምሰው ሳለ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ጠፋ። ደምሌ ደጋግሞ ረገጠው። ትርሲት ጀርባው ላይ እንደተደገፈች "ይቅር በለኝ" አለችው። የጭንቅ ነገር መስሎት አይዞሽ አላት። ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው ሲደርሱ እሷም በሆዷ ያለውም አልፈዋል።

ከቀብሩ በኋላ መካኒኩ ታንከሩን ከፍቶ አሸተተና ላምባ ተቀላቅሎበታል አለ። ደምሌ ሲገዛ ሁሉንም ጠርሙስ አለማሽተቱ ትዝ አለውና ራሱን ረገመ። ከዚያ ጠመንጃውን አነሣ። ሽማግሌዎች ይዘው አስቀመጡት፤ ካሣነሽ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንድትምል ፈረዱ። ከማለች ነጻ ናት፤ ካልማለች አገሩን ትለቃለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ካሣነሽ ደምሌን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከስቷል፤ የትርሲትን ነጠላ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል።

"አልምልም" አለች። "በደሉ የእኔ ነው።"

ደምሌ እግሯ ሥር ተፋ።

ጓዟን በአህያ ጭና ስትወጣ የንስሐ አባቷ ቄስ መልአኩ ብቻ እስከ ወንዙ ሸኟት። እዚያ ቆም ብለው እውነት ቀላቅላ ሸጣ እንደሆነ ጠየቋት።

"እኔስ ንጹሑን ነበር የሸጥሁለት አባ፤ ላምባውን ከእኔው ገዝታ የጨመረችበት ትርሲት ናት፣ ሞተሩ ባይነሣ ባሌ ይቀርልኛል ብላ።"