ምስጋና አልያዝኩም

ማይኩ እኔ ጋ ለመድረስ ሦስት ወንበር ቀርቶታል። ባለቤቴ ፊቴን ሳያይ ጉልበቴን በመዳፉ ተጭኖ ይዟል። "እለፊው፣ በእናትሽ" ይላል፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። አውቶቡስ ነጂ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግጭት ሲሸሽ የኖረ ሰው፣ ዛሬም ፍሬን ረግጦ ነው የተቀመጠው።

የዓመቱ የመጨረሻ እሑድ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ በየተራ እየተነሣ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ንጉሡ ጌታ በዚህ ዓመት ምን አደረገልህ? አንዱ ሥራ ሰጠኝ ይላል፣ አንዷ በሰላም ገላገለኝ ትላለች፣ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ከፊቴ የተቀመጠው የቆርቆሮ ነጋዴ መኪና እንደ ሰጠው ይመሰክራል። መኪናዋን አውቃታለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አራት ሆነን ገፍተን ነው ያስነሣናት። ንጉሡ ሲሰጥ ባትሪ ይረሳል እንዴ? ሳቄ ይመጣል፣ ወዲያው ደግሞ ዕንባዬ ይቀድመዋል።

ልጄን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትኩሳቱ ሲጠናባት እነዚሁ ሰዎች አልጋዋን ከበው "የንጉሥ ልጅ አትሞትም" ብለው አወጁ። እኔም ድምፄ እስኪዘጋ አብሬ ጮኽኩ። ሞተች። ከዚያ ወዲህ ወደ ልብስ ስፌት ሱቄ ጎራ የሚል ሁሉ "አመስግኚ" ይለኛል፤ እኔም ስፒል በጥርሴ ነክሼ ዝም እላለሁ። መቼም ስፒል የነከሰ ሰው መልስ አይጠየቅም።

ማይኩ ይደርሳል። የባለቤቴን እጅ ከጉልበቴ ላይ አንሥቼ እቆማለሁ።

"ምስጋና አልያዝኩም" እላለሁ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ይወፍራል። "ንጉሡ ልጄን አላዳነልኝም። ለመንኩት፣ እናንተም ለመናችሁት። ዝም አለን።"

የመድረክ መሪው ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቋል። "እኅታችን፣ ጌታ ያጽናሽ። አሁን ወደሚቀጥለው..."

"አልጨረስኩም! የንጉሥ ልጅ አትሞትም ብላችሁኝ ነበር። ማን ነገራችሁ? ንጉሡ ራሱ የሞተ አይደለም እንዴ? እሾህ ደፍተውበት፣ ምራቅ ተፍተውበት፣ ለምን ተውኸኝ እያለ? እኔ የማውቀው ንጉሥ እሱ ነው፤ የመኪናውን አላውቀውም። ተቀይሜዋለሁ፣ ግን አልሄድም። ጮኾ መልስ ያጣ ሌላ ንጉሥ ከየት አመጣለሁ? በሚመጣውም ዓመት እዚሁ ተቀምጬ እከሰዋለሁ። አመስግኚ የምትሉኝ ግን፣ አፋችሁን ያዙልኝ።"

አንዲት ሴት ለማጨብጨብ ያነሣችው እጅ አየር ላይ ይቀራል። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ እያለቀሰ ነው። በልጃችን ቀብር ዕለት እንኳ አላለቀሰም፤ ሰው ሲሸኝና ሲያስተናግድ ነበር የዋለው።

ከፊት ረድፍ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ይነሣሉ። እሳቸው በጉባኤ መሐል ከተነሡ አንድ ሰው ሊገሠጽ ነው። ፊታቸውን አኮሳትረው ወደ እኔ ሲመጡ ማይኩን በሁለት እጄ እጨብጠዋለሁ። ቢነጥቁኝም በባዶ አፌ እጮኻለሁ እንጂ አልቀመጥም።

አጠገቤ ደርሰው እጃቸውን ይዘረጋሉ።

"ጨረስሽ፣ ልጄ?"

"ጨርሻለሁ።"

"እንግዲያው አቀብይኝ። ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ ሳመሰግን ነው የኖርኩት።"

ማይኩን ተቀብለው ለጉባኤው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው መስቀል ቀና ብለው እያዩ፣ "ለምን?" ይሉታል።