ሦስተኛው ዙር

ለማንም ሳይቀጠር ሃያ ዓመት ሙሉ በካሜራው ያደረ ሰው ነው፤ ያልወጣው ተራራ፣ ከሰማይ ሆኖ ያላነሳው በረሃ የለም። የዚያን ቀን በኪራይ አውሮፕላን በአፋር የጨው ሜዳ ላይ ሲያንዣብብ፣ ሰባት ሰዎች ተሰልፈው ሲጓዙ አየ። ሰዎቹ ቀና ብለው እጃቸውን አውለበለቡ። እሱም አውለበለበላቸው።

«ካፒቴን፣ እስቲ ዙርልኝ።»

ዞሩ። ፀሐይ ካሜራው ውስጥ ገባችበት። እንደገና ዞሩ። አሁን ደግሞ ክንፉ ጋረደው።

«አንዴ ብቻ!»

«ሦስተኛ አይሆንም ወንድሜ» አለ አብራሪው። «በረሃ ላይ ሦስት ዙር ‹አይተናችኋል፣ ባላችሁበት ጠብቁን› ማለት ነው።»

«ጨው ቆፋሪዎች እኮ ናቸው! ደግሞ ማን ይቆጥራል?»

አብራሪው እያጉረመረመ ዞረ። ሰዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ጥላቸው በነጩ ጨው ላይ ተጋደመ። የዕድሜ ልኩን ፎቶ አነሳ።

በዓመቱ አዲስ አበባ ባዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ፎቶው ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቀለ። ጥቁር የለበሰች ሴት ከፊቱ ቆማ አልነቃነቅ አለች። ደስ ብሎት ተጠጋት።

«ወደዱት?»

«ከፊት ያለው ባሌ ነው» አለችው። «የጥናት ቡድናቸው መኪና ተበላሽቶ ወደ ውሃ ጉድጓድ በእግራቸው እየሄዱ ነበር። ሲያገኟቸው ይቺን ከኪሱ አወጡ።»

ትንሽ ደብተር ከፍታ ሰጠችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፦

«አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ዞረልን። እኔ ራሴ ቆጥሬያለሁ። ወደ ጉድጓዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ብቻ ቢቀረንም ሁሉንም ባሉበት አስቀምጫቸዋለሁ።»

ከሥሩ፣ በተንጋደደ ፊደል፦

«ሦስተኛ ቀን። አልተነቃነቅንም።»