ስልኩ ዝም ካለ
ጽጌ የኮምፒውተሩን ማስነሻ ቁልፍ ደግማ ትጫናለች። ማራገቢያው ያጓራል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ነጭ ጽሑፍ ይግተለተላል፤ ከዚያ እዚያው የፈረደበት መስመር ላይ ሲደርስ ድርቅ ይላል። ከርነሉ፣ ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ ሌላውን የሚቀሰቅሰው የሊኑክስ አውራ ፕሮግራም፣ ዲስኩን አላገኘሁትም ብሎ እጁን ሰጥቷል።

"ኤጭ! ምን ሆነሃል ዛሬ?" ትለዋለች።

ውጭ ቦንጋ በዝናብ ታፍኗል። ባጃጆቹ እንኳ ሸራቸውን አውርደው ሱቅ በረንዳ ስር ተጠግተዋል። እዚህ እንዲህ ከሆነ ከቢታ ገነት ማዶ ተዳፋቱ ላይ ምን እንደሚመስል እግዜር ይወቀው። እዚያ የተተከሉት መለኪያዎች አፈሩ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ፣ መንሸራተት መጀመር አለመጀመሩን ለዚህ ኮምፒውተር ይልካሉ። እሱ ደግሞ ክፉ ነገር ሲያይ ተዳፋቱ ላይ ላለው መንደር ሰው ሁሉ የስልክ መልእክት ይበትናል። ከጠዋት ጀምሮ ግን ማየትም መናገርም አቁሟል።

አለቃዋን አቶ ፍቃዱን፣ ለስብሰባ ዋጫ ሄደዋልና፣ ደውላ ለምናቸዋለች። ማሽኑን ሳንጠብቅ ሰዉን እናስወጣ ብላ።

"በግምት?" አሏት። "አምና በግምት አስወጥተን ፀሐይ አልወጣም? የጠገብነውን ስድብ ረሳሽው? ማሽኑ ሳይናገር ማንንም አናስነሳም።"

ስልኩን ከዘጋች ቆይታለች፤ ንዴቱ ግን አልበረደላትም።

የቢሮው ዘበኛ ጋሽ ተድላ በሩ ላይ ብቅ ይላሉ። ካፖርታቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ልጃቸው በዛወርቅ ያገባችው እዚያው ተዳፋቱ ላይ ነው፤ በእሷ ምክንያት የእሳቸውም ስልክ መልእክቱ ከሚላክላቸው ውስጥ ገብቷል።

"አልተነሳም?"

"ገና ነው ጋሼ። በዛወርቅን ደውለው ለምን አያስወጧትም?"

"ጠዋት ደወልኩላት እኮ። 'አባዬ፣ ስልኩ ዝም ካለ ሰላም ነው ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ አይደላችሁም?' አለችኝ። ሕፃናት ይዛ በዚህ ዝናብ የት ትግባ? ከዚያ ወዲህ ጥሪው አልገባ ብሎኛል። ኔትወርኩ ነው።"

ጽጌ አንገቷን ትነቀንቃለች። እውነታቸውን ነው፤ መንደሩን ሰብስባ ያንን ያስተማረችው ራሷ ናት።

"ጠዋት መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ ጋሼ?"

"ኧረ መብራቱስ ነበረ። እኔ ነኝ ቆጣሪውን ያጠፋሁት። ሰማዩ ሲያጓራ እጄን አጣጥፌ ልየው? ይሄ ሁሉ ዕቃ ሊቃጠል!"

በኩራት ነው የሚናገሩት። ቦንጋ ውስጥ ነጎድጓድ ሰምቶ ቆጣሪ የማያጠፋ ቤት የለም፤ የጽጌም እናት ታጠፋለች። ጠዋት ግን ማሽኑ በራሱ ጊዜ አዲስ ከርነል እየጫነ ነበር። መሃል ላይ ተቆርጦ ቀርቷል ማለት ነው። መብራት ሲሄድ ይይዝ የነበረው ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ይገዛል ይገዛል እንደተባለ ነው። ማሽኑን ያቆመው የእሳቸው እጅ ነው። ምን ብላ ትንገራቸው?

ማሽኑን አጥፍታ እንደገና ታስነሳለች፤ ወዲያው የማቋረጫውን ቁልፍ ትደበድባለች። የምርጫ ዝርዝር ይመጣል። አሮጌው ከርነል ከታች ተቀምጧል፤ ተመስገን፣ ማንም አልሰረዘውም! ትመርጠዋለች። ጽሑፉ ይግተለተላል፣ ያንን የፈረደበትን መስመር ያልፋል። ትንሽ ሄዶ እንደገና ይቆማል፤ ዲስኩ ተጎድቷልና መጀመሪያ ይጠገን ይላል። የጥገናውን ትእዛዝ ትጽፋለች። የጥገናው መቶኛ እየተጎተተ መቁጠር ይጀምራል።

ሰማዩ ያጓራል። የጋሽ ተድላ ቦቲ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ይሰማታል፤ ወደ ቆጣሪው እየሄዱ ነው።

"ጋሼ!" ወንበሯን ገልብጣ ትሮጣለች። ቀድማቸው ደርሳ ሳጥኑን በጀርባዋ ትከልለዋለች። "አይንኩት! አሁን ከጠፋ ዲስኩ አይመለስም።"

"መብረቅ እኮ ነው ልጄ! ይቃጠልብሻል።"

"ይቃጠል! በዛወርቅን አያስቧትም?"

እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። የሚቀጥለው ነጎድጓድ መስኮቱን ያርገፈግፈዋል፤ መብራቱ ድርግም ብሎ ይመለሳል። ጋሽ ተድላ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በካፊኖኖ ይጸልያሉ። ጽጌም ፈርታለች፤ ከሳጥኑ ግን አትንቀሳቀስም።

ሲያልፍ አብረው ይመለሳሉ። ጥገናው አልቋል። አንድ ቁልፍ ትነካለች፤ ማሽኑ ያለምንም ማጉረምረም ይነሳል።

"ተነሳ! ጋሼ፣ ተነሳ!"

"እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!" ትከሻዋን ይስሟታል።

ከተዳፋቱ ፊት ለፊት ኮረብታው ላይ ያለው የመለኪያዎቹ መቀበያ የራሱ ባትሪ ስላለው ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን አሁን ያራግፋል። የላይኛው መለኪያ መስመር ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ቀይ ይሆናል። ጠዋት ላይ አፈሩ መሄድ ጀምሯል። ከረፋዱ በኋላ መስመሩ የለም፤ የታችኛውም መለኪያ የለም። ጽጌ ሁለቱን መለኪያዎች በማሽኑ ደጋግማ ትጠራለች። የሚመልስላት የለም፤ የተተከሉበት አፈር ይዟቸው ሳይሄድ አልቀረም። ማሽኑ ግን ማንንም ሳያማክር ሥራውን ይሠራል፤ በጊዜው ያልላከውን ማስጠንቀቂያ አሁን ይልካል።

የጋሽ ተድላ ካፖርት ኪስ ውስጥ ስልክ ይጮኻል። ፊታቸው ይበራል።

"መልእክት ናት! በዛወርቅ ትሆናለች፤ ኔትወርኩ መጣላቸው ማለት ነው።" ስልኩን በሁለት እጃቸው ያቀብሏታል። "መነጽሬን ቤት ትቼው ወጣሁ። አንብቢልኝ እስቲ ልጄ።"

ጽጌ ተቀብላ ታየዋለች፤ የላከው ማሽኑ ነው። ጋሽ ተድላ በዝናቡ ድምፅ ቃል እንዳያመልጣቸው ጎንበስ ብለው፣ ፈገግታቸው ሳይጠፋ፣ ጆሯቸውን ወደ አፏ ያስጠጋሉ።